እግር የሚያስረው አሚኖ አሲድ፦ የደላንታ ዳውንት የጓያ ወረርሽኝ

ስለ አሚኖ አሲድ በአማርኛ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ጡንቻ ነው። ጂም፣ የፕሮቲን ዱቄት፣ ስንት እንቁላል ይበላ፣ እንዲህ እንዲህ። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን እዚሁ አገራችን ውስጥ አንድ አሚኖ አሲድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ2000 በላይ ሰዎችን እግራቸውን ያሳጣበት ጉዳይ አለ፤ ስለዚህ ጉዳይ የሚያወራ ሰው ግን ብዙ አላይም። ቦታው ወሎ ነው፣ ደላንታ ዳውንት። ጊዜው እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ አጋማሽና ማለቂያ ነው። ምክንያቱ ጓያ ነው።

«ጓያ እግር ይይዛል» የሚለውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ይህን ጉዳይ መመዝገብ ያስፈለገኝ ከዚያ ቀጥሎ ላለው ጥያቄ ነው። ለምን ይይዛል? ለምን አንዱን ይዞ፣ ያንኑ ጓያ የበላውን ጎረቤቱን ይተወዋል? መልሱ ያለው ኬሚስትሪውና ማዕድ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ሁለቱን ለየብቻ ያየ ሰው አያገኘውም። የታማሚዎችንም የባለሙያዎችንም ስም አልጠቅስም።

ቦታውና እህሉ

ደላንታ የደጋ አምባ ነው፣ በባሽሎ ሸለቆ አፋፍ ላይ። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ያለፉት በዚሁ ነው። ሜዳው ላይ ያለው አፈር መረሬ ነው፤ ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል፣ በጋ ላይ ይሰነጣጠቃል። እንዲህ ያለ መሬት ላይ በዝናቡ ወቅት ብዙ እህል አይሆንለትም፣ ሥሩ ይታፈናል። ጓያ ግን የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ውሃው ሲሸሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ አፈሩ ውስጥ በቀረችው እርጥበት ብቻ አድጎ ያፈራል። ብዙ እርሻ አይፈልግም፣ ማዳበሪያ አይፈልግም፣ እንደማንኛውም ጥራጥሬ ናይትሮጅኑን ራሱ ከአየር ያመጣል። ጎርፍም ድርቅም ይችላል።

በምግብነቱም ቢሆን ደካማ አይደለም። ከክብደቱ ሩብ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ፕሮቲን ነው። ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ሞልቶበታል፤ ይህ ደግሞ ስንዴና ገብስ የሚያንሳቸው ነው። ጥሩ ዓመት ላይ ጓያ ለሽሮ ይፈጫል፣ ክክ ይሆናል፣ ከሌላው ጋር ተደባልቆ ይበላል፣ ማንም ላይ ምንም አይደርስም።

ችግሩ የሚመጣው ሌላው ሁሉ ሲጠፋ ነው። በዚያን ጊዜ ደላንታ ላይ የሆነውም ይኸው ነው፤ ሌላው እህል ከሸፈ፣ ማሳ ላይ የቀረው ጓያ ብቻ ሆነ። ገበሬው ያውቃል። ጓያ ምን እንደሚያደርግ ለደላንታ ገበሬ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም ነበር። ግን ልጅ ሲርበው «ይህ አይበላም» ብሎ የሚከለክል ወላጅ የለም።

ወረርሽኙ የመጀመሪያው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጎንደር አካባቢ ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። ከአገር ውጭም ታሪኩ ረጅም ነው። ጀርመን ውስጥ የቩርተምበርግ መስፍን እ.ኤ.አ. በ1671 የጓያ ዱቄት ዳቦ ውስጥ እንዳይገባ አውጇል። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1961 ሽያጩን አግዳለች። ሁለቱም ክልከላዎች ከረሃብ አልበረቱም፤ ህንድ ውስጥ ከእገዳው በኋላም መዘራቱ አልቆመም።

በሽታው ቀረብ ተብሎ ሲታይ

ብዙ ታማሚዎች የሚናገሩት ተመሳሳይ ነው። ማታ ደህና ተኝቷል፣ ወይም ቀን ከባድ ሥራ ሲሠራ ውሏል። ጠዋት ሲነሳ እግሩ ከብዶታል። ባቱን ያመዋል፣ ጡንቻው ይኮማተራል። ቀስ በቀስ ተረከዙ መሬት አልነካ ይለዋል፤ በጣቱ ቆሞ ይሄዳል፣ አንዱ ጉልበት ሌላውን እየተሻገረ፣ እርምጃው እየተጠላለፈ። እጁ ደህና ነው። አእምሮው ደህና ነው። ይናገራል፣ ያስባል፣ እግሩን ብትነካው ይሰማዋል። የጠፋው እግሩን የሚያዘው መስመር ብቻ ነው፤ ከአእምሮ ተነስቶ በህብለ ሰረሰር የሚወርደው ረጅሙ ነርቭ።

ሐኪሞች በደረጃ ይከፍሉታል፦ ያለ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በአንድ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በሁለት ምርኩዝ የሚሄድ፣ የሚዳህ። ጓያውን ካቆሙ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ይቆማል፤ አይገድልም። ግን አይመለስምም። ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒትና የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና ትንሽ ያግዛሉ እንጂ የሞተውን ነርቭ አያስነሱም።

አሁን የሚያናድደውን ልንገራችሁ። በብዛት የሚይዘው ወጣት ወንዶችን ነው። ማለትም የሚያርሰውን፣ የሚያጭደውን፣ ቤቱ የሚጠብቀውን ሰው። እንዲህ ያለ ሰው የሚዳህበት ቤት ድርቁ ካለፈም በኋላ ረሃቡ አያልፍለትም።

በየአካባቢው ሰዉ ለበሽታው የሚሰጠው ማብራሪያ ነበረው። ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ ነው የሚይዘው፣ የሚሉ አሉ። ገለባው ላይ መተኛት ነው፣ ለምለሙ ተክል ውስጥ መሄድ ነው፣ የሚሉም አሉ። ስህተት ነው፤ ግን ጅል ስህተት አይደለም። ሁሉም ሰው ጓያ እየበላ አንዱ ብቻ ሲያዝ፣ ከመብላት ሌላ ምክንያት መፈለግ ጤነኛ አስተሳሰብ ነው። የጎደለው የሞለኪውሉ ታሪክ ነበር።

ሞለኪውሉ

አሚኖ አሲድ ማለት በመሠረቱ ቀላል ነገር ነው። መሃል ላይ አንድ ካርቦን አለ። በአንድ ወገን ናይትሮጅን የያዘው አሚኖ ክፍል፣ በሌላው ወገን አሲዱ፣ ከዚያ አንድ ሃይድሮጅን፣ ከዚያ ደግሞ አንዱን ከሌላው የሚለየው የጎን ሰንሰለት። ሰውነታችን ፕሮቲን የሚገነባባቸው መደበኛዎቹ 20 ናቸው። ከ20ዎቹ አንዱ፣ ፕሮሊን፣ ትንሽ ያፈነግጣል፤ የጎን ሰንሰለቱ ዞሮ ተመልሶ ከራሱ ናይትሮጅን ጋር ተያይዟል፣ ቀለበት ሠርቷል። በዚህ ምክንያት ነው የቆዩ መጻሕፍት ፕሮሊንን «ኢሚኖ አሲድ» የሚሉት። ወደ እሱ እመለሳለሁ፣ እዚህ ጉዳይ ውስጥ ድርሻ አለው።

ከ20ዎቹ ውጭ ግን ዕፅዋት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሌሎች አሚኖ አሲዶችን ይሠራሉ። ፕሮቲን ውስጥ አይገቡም፤ ሴሉ ውስጥ ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ብዙዎቹ ተክሉ ራሱን ከተባይ የሚከላከልባቸው ናቸው ተብሎ ይታሰባል። ጓያ ውስጥ ያለው አንዱ ኦዳፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1964 ህንድ ውስጥ ነው ተለይቶ የታወቀው። ሙሉ ስሙ ምላስ ያስራል፤ ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ ሁለት አሚኖ ያለው ትንሽ አሚኖ አሲድ ነው፣ ሁለተኛው አሚኖ ላይ ደግሞ ከኦክዛሊክ አሲድ የመጣ ቁራጭ ተለጥፎበታል። ውጤቱ በሁለቱም ጫፍ አሲድ ያለበት ሞለኪውል ነው።

በሁለቱም ጫፍ አሲድ ያለበት ሌላ ማን አለ? ግሉታሜት። ግሉታሜት ከ20ዎቹ አንዱ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን አእምሯችንና ህብለ ሰረሰራችን ውስጥ አንዱ ነርቭ ሌላውን «ተነስ» የሚልበት ዋናው መልእክተኛ ነው። ነርቩ ላይ ግሉታሜትን የሚቀበሉ በሮች አሉ። ኦዳፕ ለእነዚህ በሮች ተመሳስሎ እንደተቀረጸ ቁልፍ ነው፤ ይገባል፣ ይከፍታል። ግሉታሜት ሥራውን ሲጨርስ ወዲያው ተጠራርጎ ይነሳል፤ የኦዳፕ ግፊት ግን ሲደጋገም ነርቩ ከልክ በላይ ይነቃቃል፣ ካልሲየም ውስጡ ይጥለቀለቃል፣ ኃይል የሚያመርቱት ክፍሎች ይቃጠላሉ።

ይህ የታሪኩ ግማሽ ነው። ግማሹ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጓያ የበላ ሁሉ ሽባ ይሆን ነበር።

ሌላው ግማሽ ጓያ ውስጥ የሌለው ነው። ላይሲን ሞልቶታል አልን፤ ድኝ ያላቸው ሁለቱ አሚኖ አሲዶች፣ ሜቲዮኒንና ሲስቴይን፣ ግን በጣም ያንሱታል። ሴሎቻችን ከሲስቴይን፣ ከግሉታሜትና ከግላይሲን ግሉታታዮን የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ይሠራሉ። የሴሉ ውስጥ ቃጠሎ የሚጠፋው በሱ ነው። ሲስቴይን ካነሰ ግሉታታዮን ያንሳል። ነገሩን የሚያከፋው ደግሞ፣ ኦዳፕ ራሱ ሲስቲን (ሁለት ሲስቴይን የተያያዙበት ሞለኪውል) ወደ ሴል የሚገባበትን መተላለፊያ እንደሚያውክ በቤተ ሙከራ ታይቷል። እንግዲህ ጓያን ብቻ ለወራት የሚበላ ሰው እሳቱንም ይጨምራል፣ እሳት ማጥፊያውንም ይቀንሳል። ሁለቱም ከአንድ ሳህን ነው የሚመጡት።

በነገራችን ላይ ይህ የጓያ በሽታ በሳይንሱ «ላቲሪዝም» ይባላል፤ የጓያን ዘመዶች በሚመለከት ግን በዚሁ ስም የሚጠራ ሌላም በሽታ አለ፤ የአጥንትና የጅማት ነው። እሱን የሚያመጣው ለጌጥ የሚተከለው ዘመዱ ውስጥ ያለ ሌላ ኬሚካል ነው፤ ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ክሮቹ እርስ በርስ እንዳይተሳሰሩ ያደርጋል። ስሙ አንድ ስለሆነ ኢንተርኔት ላይ ሁለቱ ሲደባለቁ አያለሁ። ደላንታ ላይ የነበረው የነርቩ ነው።

ድርቁ ተክሉን ምን አደረገው

እዚህ ላይ ነው ፕሮሊን የሚገባው። ተክል ውሃ ሲጠማው ሴሉ ውስጥ ፕሮሊንን ያከማቻል። ፕሮሊን ውሃ ውስጥ በደንብ ይሟሟል፣ ቢበዛም ሴሉን አይጎዳም፤ ስለዚህ ሴሉ ውሃውን እንዳያጣ ይይዝለታል። ጓያም ይህን ያደርጋል። ድርቅ የሚችልበት አንዱ ዘዴ ይህ ነው።

ችግሩ፣ በዚያው ጥም ኦዳፑም ሊጨምር መቻሉ ነው። የኦዳፕ መጠን ቋሚ አይደለም። በዝርያው ይለያያል፣ በአፈሩ ይለያያል፤ ዚንክ ያነሰው አፈር እንደሚያባብሰው የሚያሳዩ ሥራዎች አሉ፤ ውሃ እጥረት ላይም ከፍ ይላል። እንግዲህ ድርቅ ሲመጣ ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ይሆናሉ፦ ሌላው እህል ይጠፋል፣ ጓያው ይተርፋል፣ የተረፈው ጓያ ደግሞ ከወትሮው የበለጠ መርዝ ሊይዝ ይችላል። ገበሬው «ድሮም እንበላው ነበር፣ ዘንድሮ ምን መጣ» ቢል እውነቱን ነው። የዘንድሮው የአምናው አይደለም።

ፕሮሊን አንድ ሌላም ቦታ ብቅ ይላል፤ ልኬቱ ላይ። ቤተ ሙከራ ውስጥ አሚኖ አሲድን ለማየት የተለመደው ኒንሃይድሪን ነው፤ ብዙዎቹን ሐምራዊ፣ ፕሮሊንን ደግሞ ቢጫ ያደርጋል፣ ናይትሮጅኑ እንደሌሎቹ ነፃ ስላልሆነ። ለኦዳፕ ግን ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ሌላ መንገድ ነው። የጓያው ጭማቂ ከጠንካራ አልካሊ ጋር ይፈላል፣ የተለጠፈው የኦክዛሊክ ቁራጭ ይወልቃል፣ የቀረው ባለሁለት አሚኖ ሞለኪውል ከሌላ ኬሚካል ጋር ቢጫ ቀለም ይሰጣል፤ ከቀለሙ ድምቀት መጠኑ ይሰላል። ያ ኬሚካል ነፃ አሚኖ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ በድርቅ የተጠራቀመው ፕሮሊን አይነካውም፣ ልኬቱን አያሳስተውም። ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ዘዴው አንድ ድክመት አለው። ኦዳፕ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ በጣም መርዛማ፣ ሌላው በጣም ደካማ። ሙቀት የተወሰነውን ከመርዛማው ወደ ደካማው ይለውጠዋል። ይህ ልኬት ግን ሁለቱንም እንደ አንድ ይቆጥራል፤ ቁራጩ ከወለቀ በኋላ ልዩነት የላቸውማ። ስለዚህ ለበሰለ ምግብ «ኦዳፑ ይህን ያህል ነው» የሚል ቁጥር ስታዩ በምን ተለካ ብላችሁ ጠይቁ።

ምን ተደረገ

ወረርሽኙ ሲሰማ አጥኚዎች ደላንታ ዳውንት ሄዱ። የኢትዮጵያ ሐኪሞችና የውጭ ተመራማሪዎች ነበሩበት። ሥራቸው ጤና ጣቢያ ላይ ቁጭ ብሎ የሚመጣውን መቁጠር አልነበረም፤ የሚዳህ ሰው አቀበት ወጥቶ ጤና ጣቢያ አይመጣም። ቤት ለቤት ዞሩ። ማን እንደታመመ፣ መቼ እንደጀመረው፣ ዕድሜው፣ ጾታው፣ ደረጃው፣ ቤተሰቡ ውስጥ ሌላ የታመመ መኖሩ ተመዘገበ።

ቀጥሎ ያደረጉት ግን ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ነው። የታመሙትን ካልታመሙት ጋር አነጻጸሩ፤ ጥያቄያቸውም «ጓያ በልተሃል ወይ» አልነበረም። ሁሉም በልቷል። የጠየቁት እንዴት ተሠርቶ እንደተበላ ነው። ቆሎ? ንፍሮ? እሸት? ቂጣ? እንጀራ? ወጥ? ከምን ጋር ተደባልቆ?

ይህን ጥያቄ መጠየቅ ቀላል ይመስላል። አይደለም። ብዙ የምግብ ጥናት የሚያቆመው የእህሉ ስም ላይ ነው፤ ምድጃው ድረስ አይሄድም። ምድጃው ላይ ያለችውን ሴት ሳይጠይቁ የተሠራ የምግብ ጥናት እኔን አያሳምነኝም፣ እውነቱን ለመናገር።

የተገኘው

ልዩነት ነበረ፣ ያውም ግልጽ። ጓያን ቆልተው፣ ንፍሮ ቀቅለው ወይም እሸቱን የበሉት ላይ አደጋው ከፍ ብሎ ተገኘ። በእንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ የበሉት ላይ ግን ያ ጭማሪ አልታየም። ጓያውን ከእህል ጋር ቀላቅለው የበሉት አደጋቸው ቀንሷል። እንደ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያለ ማጣፈጫ ከገባበት ወጥ ጋር የበሉት ደግሞ አደጋቸው ወደ ሩብ ገደማ ወርዷል።

ይህን ከኬሚስትሪው ጋር አጋጥሙት። ኦዳፕ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ንፍሮ ሲቀቀል ውሃው ከተደፋ ጥሩ ድርሻው ይሄዳል፤ ውሃው እዚያው ከደረቀ ግን የትም አልሄደም። ቆሎ ሲቆላ ብረት ምጣዱ ላይ ውሃ የለም፣ ኦዳፑ የሚወጣበት መንገድ የለም። እሸት ደግሞ እሳትም ውሃም አላየም፣ ከማሳው በቀጥታ አፍ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የእኔ አረዳድ ይህ ነው፦ ቆሎ፣ ንፍሮና እሸት ብቻቸውን የሚበሉ ናቸው። ጭብጥ አድርጎ መሄድ ነው። ቂጣና እንጀራ ሲሆን ገብስ ይገባበታል፣ ስንዴ ይገባበታል፣ ሲገኝ ጤፍ ይገባበታል፤ የእነዚህ እህሎች ፕሮቲን ደግሞ ጓያ የሌለውን ሜቲዮኒንና ሲስቴይን የያዘ ነው። ወጥ ሲሆን ሽንኩርቱ ይገባል። ሽሮ በእንጀራ ማለት እኮ በአሚኖ አሲድ ቋንቋ ጥራጥሬው ላይሲኑን፣ እህሉ ድኛሙን የሚያዋጡበት ሳህን ነው። አያቶቻችን ይህን ሳይለኩ ደርሰውበታል።

ወጣት ወንዶች ለምን በዙ ለሚለው አንድ የተቋጨ መልስ የለም። አንዱ ምክንያት እዚሁ ያለ ይመስለኛል፤ እረኛው ሜዳ ላይ እሸት ይበላል፣ አራሹ ኪሱ ውስጥ ቆሎ ይዞ ይውላል፣ ሴቷ ከምድጃው አጠገብ ናት።

የሠራውና ያልሠራው

ክልከላ አልሠራም። «ጓያ አትብሉ» የሚል ትምህርት የሚሠራው ሌላ የሚበላ ላለው ሰው ነው።

ሕክምናም አልሠራም። የሞተ ነርቭ አይድንም፤ ስለዚህ ታማሚው ተገኝቶ ሲመዘገብ ጊዜው አልፏል። ምርኩዝ ማደልና ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ማስተማር የሚናቅ ነገር አይደለም፣ ግን መከላከል አይደለም።

መዘፍዘፍና ውሃውን መድፋት በቤተ ሙከራ በደንብ ይሠራል። ሙቅ ውሃ ሲሆን የበለጠ። ደላንታ ላይ ግን ውሃ ከሩቅ በጀርባ ተቀድቶ ይመጣል፤ ያንን ውሃ ጓያ ዘፍዝፈሽ ድፊ ማለት ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚታሰብ ምክር ነው። ማገዶውም አለ። በዚያ ላይ ከኦዳፑ ጋር ቫይታሚን ቢና ሌሎች ሟሚ ነገሮችም አብረው ይወጣሉ። ውሃ ባለበት ቦታ ይመከራል፤ በሌለበት አይሠራም፣ አለቀ።

ዝርያ ማሻሻል መንገድ ላይ ነው። አገራችን ውስጥ ዋሴ የተባለ ኦዳፑ ዝቅተኛ የሆነ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2006 ተለቋል። ተስፋ ሰጪ ነው፣ ግን ሁለት እክል አለበት። ጓያ በንብ ይዳቀላል፤ ዋሴ የዘራ ገበሬ አጠገብ የድሮውን የዘራ ካለ ዘሩ ከዓመት ዓመት ይቀላቀላል። ሁለተኛ፣ ኦዳፕ በአካባቢውም ስለሚወሰን ዝቅተኛው ዝርያም ክፉ ዓመት ላይ ከፍ ሊል ይችላል። ኦዳፕ ጨርሶ የሌለው ጓያ ገና ገበሬው እጅ አልገባም።

ከሁሉ የሚያዋጣው ሆኖ የተገኘው ቀላሉ ነው፤ እህል ማድረስ። ግን እዚህ ላይ ጥናቱ ያመጣው ሐሳብ ከተለመደው ይለያል። የእርዳታ እህል ጓያውን ሙሉ በሙሉ ይተካል ተብሎ መጠበቅ የለበትም። ለሁሉም የሚበቃ ካልተገኘ እንኳ ጓያው ላይ የሚቀላቀል ያህል ስንዴ ወይም በቆሎ በጊዜ ከደረሰ፣ ያ ቅልቅል ራሱ መከላከያ ነው። ጓያው የገበታው ሲሶ ያህል ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን ማድረግ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ነው። ዋናው ቃል «በጊዜ» የሚለው ነው። በሽታው የሚመጣው በአንድ ገበታ አይደለም፤ ጓያ ዋና ምግብ ሆኖ ለሳምንታትና ለወራት ሲበላ ነው። ስለዚህ ጓያ ብቻ የቆመበት ማሳ ከታየበት ቀን ጀምሮ የመጀመሪያው ሰው እስኪያነክስ ድረስ ያለው ጊዜ አለ፤ እርዳታው መግባት ያለበት በዚያ መሃል ነው። «እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን» ይባላል እኛ ዘንድ። የእርዳታ ዕቅድ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው፣ ሰው ሲዳህ ካልታየ እህል አይጫንም።

ለሌላ ቦታ የሚያገለግለው

እ.ኤ.አ. በ1981 ሞዛምቢክ፣ ናምፑላ ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ላይ ተመሳሳይ አረማመድ ታየ። ጓያ የለም እዚያ። የነበረው መራራ ካሳቫ ነው። ድርቅ ነበር፣ ሌላ እህል አልነበረም፣ ሰዉ ካሳቫውን ሳያቆይና በወጉ ሳያዘጋጅ ይበላው ጀመር። በሽታው ኮንዞ ይባላል። መርዙ ሌላ ነው፣ ከሳያናይድ ጋር የተያያዘ። ሰውነት ሳያናይድን የሚያስወግደው ግን ድኝ ለጥፎበት ነው፣ ድኙም የሚመጣው ከነዚያው ከሜቲዮኒንና ከሲስቴይን ነው። ካሳቫ ደግሞ እነዚህን አሚኖ አሲዶች አያመጣም። ሁለት የተለያዩ ተክሎች፣ ሁለት የተለያዩ መርዞች፤ የተጎዳው ነርቭ አንድ፣ የጎደለውም አሚኖ አሲድ አንድ። እንግዲህ ድርቅ የመታው፣ አንድ ተክል ብቻ የሚበላ አካባቢ ላይ ሰው እግሩን ሲያጣ፣ መርዙን መፈለግ ብቻ አይበቃም። ገበታው ላይ ድኛሙ አሚኖ አሲድ ከየት ይመጣል የሚለውም መጠየቅ አለበት።

ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሚጠቅመው ደግሞ የጥያቄው አጠያየቅ ነው። «ጓያ ትበላላችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አይ» የሚል ብዙ ነው፣ ያፍራል፤ ጓያ መብላት የድህነት ምልክት ተደርጎ ይታያልና። «ዘንድሮ ሽሮው በምን ተሠራ? ቂጣው ውስጥ ምን ምን ገባ? ልጁ ከብት ሲጠብቅ ምን ይዞ ይወጣል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ይመጣል።

ከተማ ላለው አንባቢ፣ ይህን አንብባችሁ ቤታችሁ ያለውን ሽሮ እንዳትደፉ። ርካሽ ሽሮ ውስጥ ጓያ እንደሚቀላቀል ይታወቃል፤ ሳይነገር መቀላቀሉ ማጭበርበር ነው፣ ልክ አይደለም። ግን ከሌላ ጥራጥሬ ጋር ተደባልቆ፣ በሽንኩርት ተቁላልቶ፣ በጤፍ እንጀራ የሚበላ ትንሽ ጓያ ደላንታ ላይ ሰው የሰበረው አበላል አይደለም። እዚያ የነበረው ጠዋትም ቀትርም ማታም ጓያ ነው፣ ለወራት፣ ያለ ምንም ማባያ።

አሁንም ደላንታ ላይ ጓያ ይዘራል። መሬቱ ያው መረሬ ነው፣ ክረምቱ ሲወጣ ሌላ የሚሆንለት ዘር ጥቂት ነው። በመስከረም የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማሳ ሲቆጥር ከጠቅላላው ስንቱ ጓያ እንደሆነ ያውቃል። ያ ቁጥር በየዓመቱ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ቢደርስና የሌላው እህል ሁኔታ አጠገቡ ቢጻፍ፣ የትኛው ቀበሌ ጥር ላይ ስንዴ እንደሚያስፈልገው ኅዳር ላይ ይታወቃል።